የፈትል ሠራተኛው ልጅ፥ ኤርንስት አቤ

አንድ ቀን በባዮሎጂ ክፍለ ጊዜ የሽንኩርት ልጣጭ በማይክሮስኮፕ ስመለከት ሕዋሶቹ እንደ ጡብ ተደርድረው ታዩኝ። በሕዋስ ሽፋን ላይ ያሉትን ፕሮቲኖች ግን ለማየት ብደክም አልቻልሁም። ጉድለቱ የመሣሪያው መስሎኝ ነበር፤ መምህራችን ግን ምክንያቱ የብርሃን ጠባይ መሆኑን፥ ይህንንም የደረሱበት ኤርንስት አቤ መሆናቸውን አስረዱን። ስለዚህ የእኒህን ሰው ታሪክ ፈልጌ አነበብሁ። ዘመኑን የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

አቤ በ1840 በጀርመን አገር በአይዘናኽ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው በፈትል ፋብሪካ በቀን ከ14 እስከ 16 ሰዓት ቆመው ይሠሩ ነበር። ሕፃኑ ምሳ ሲያደርሱላቸው አባትየው መኪናውን ተደግፈው በጥድፊያ ይበሉና ዕቃውን ይመልሱላቸው ነበር። እኔም የአቃቂ ልጅ ነኝ፤ አያቴም በፈትል ክፍል ያረጁ ሰው ናቸውና ይህን ሳነብ ልቤ ተነካ።

የአባታቸው አሠሪ በትምህርት ረዷቸው፤ በ21 ዓመታቸውም ዶክተር ሆኑ። በ1866 ማይክሮስኮፕ ሠሪው ካርል ሳይስ ለሥራ ጠሯቸው። እስከዚያ ድረስ ሌንስ የሚሠራው በሙከራ ነበር፤ አቤ ግን በሒሳብ እንዲሠራ አደረጉ። በ1873ም፥ በብርሃን ሞገድ ርዝመት እኩሌታ ያህል እንኳ ያልተራራቁ ሁለት ነጥቦች እንደ አንድ ሆነው እንደሚታዩ ገለጹ። ይህም 200 ናኖሜትር ያህል ነው፤ ፕሮቲን ግን ጥቂት ናኖሜትር ብቻ ስለሆነ በሽፋኑ ላይ የተሰበሰቡት ሁሉ ተቀላቅለው ይታያሉ።

ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ግን ዘዴ ተገኘ። ፕሮቲኖቹ ላይ የሚያበራ ነገር ይለጠፋል፤ ሁሉም በአንድነት ሳይሆን ጥቂት ጥቂቱ በየተራ እንዲበራ ይደረጋል፤ የእያንዳንዱም ስፍራ ተለክቶ ብዙ ሺሕ ሥዕሎች ይደመራሉ። በዚህና ይህን በመሰለ ብልሃት ኤሪክ ቤትሲግ፥ ስቴፋን ሄልና ዊሊያም ሞርነር በ2014 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። የአቤ ሕግ አልተሻረም፤ በብልሃት ታለፈ እንጂ።

አቤ ባለጸጋ ከሆኑ በኋላ የአባታቸውን ምሳ አልረሱም። በ1889 በሳይስ ስም ድርጅት አቋቁመው በ1891 የፋብሪካ ድርሻቸውን ለቀቁለት። በ1900 የሠራተኛው ቀን 8 ሰዓት እንዲሆን አደረጉ፤ ሰዓቱ ቢያንስም ሥራው እንዳልቀነሰ፥ እንዲያውም በጥቂቱ እንደ ጨመረ ቈጥረው አሳዩ። በጥር 1905 በዬና ከተማ ዐረፉ።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፥ አቤ የዓይናችንን ወሰን ለኩ፤ ቆሞ የሚበላውን ሠራተኛ ለማየት ግን ማይክሮስኮፕ አላስፈለጋቸውም። እኛም ተምረን ትልቅ ደረጃ ስንደርስ ምሳ ያደረስንላቸውን አንርሳ።