የስኳር ሕሙማን መምህር ዶክተር ኤሊየት ጆስሊን

ሕሙማን ስለ በሽታቸውና ስለሚሰጣቸው ሕክምና ጠንቅቀው እንዲያውቁ ማስተማር የሕክምናው አንድ አካል መሆኑን በተግባር ካስመሰከሩ ሐኪሞች መካከል አሜሪካዊው ዶክተር ኤሊየት ጆስሊን በግንባር ቀደምትነት ይጠቀሳሉ።

ዶክተር ጆስሊን እ.ኤ.አ. በ1869 በማሳቹሴትስ ግዛት ኦክስፎርድ በተባለች ከተማ ተወለዱ። በዬል ዩኒቨርሲቲ ከተማሩ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1895 ከሃርቫርድ የሕክምና ትምህርት ቤት ተመርቀው፣ እ.ኤ.አ. በ1898 በቦስተን ከተማ የግል የሕክምና ሥራ ጀመሩ። ወላጅ እናታቸው በስኳር በሽታ የተያዙ ስለነበሩ የበሽታውን ክብደት በቤተሰባቸው ውስጥ በቅርብ ለመመልከት ችለዋል።

በዚያን ዘመን ለስኳር በሽታ መድኃኒት አልነበረም። ሐኪሞች የነበራቸው አማራጭ የሕመምተኛውን ምግብ እጅግ በመቀነስ ዕድሜውን ለጥቂት ጊዜ ማራዘም ብቻ ነበር። ሕክምናው የሚፈጸመው በሐኪም ፊት ሳይሆን በሕመምተኛው ማዕድ ላይ በመሆኑ፣ ምክንያቱን ያልተረዳ ሰው ረኀቡን ታግሦ ሊዘልቅ አይችልም ነበር። ዶክተር ጆስሊን ይህንን በመገንዘብ ሐኪሙና ሕመምተኛው በጋራ የሚገለገሉበትን የስኳር በሽታ መመሪያ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1918 አሳተሙ።

እ.ኤ.አ. በ1921 በካናዳ ቶሮንቶ ከተማ ኢንሱሊን ተገኘ። ዶክተር ጆስሊንም በተከታዩ ዓመት በነሐሴ ወር አዲሱን መድኃኒት ለሕሙማኖቻቸው መስጠት ጀመሩ። መድኃኒቱ መገኘቱ የትምህርቱን አስፈላጊነት የሚያስቀር ቢመስልም ውጤቱ የተገላቢጦሽ ሆነ። የኢንሱሊኑ መጠን ሲያንስ በሽታው ይበረታል፤ ሲበዛ ደግሞ በደም ውስጥ ያለው ስኳር ከሚገባው በታች ወርዶ ሕመምተኛው ራሱን እስከ መሳት ይደርሳል። በመሆኑም ለሕይወት አስጊ የሆነው የዕለት ተዕለት ውሳኔ በሕመምተኛው ወይም በሕፃኑ እናት እጅ ላይ ወደቀ።

በዚህም ምክንያት ዶክተር ጆስሊን ለሕሙማን መደበኛ ትምህርት እንዲሰጥ አደረጉ። ሕሙማኑ ምግባቸውን መመዘን፣ ሽንታቸውን በቤታቸው መመርመርና መርፌውን ራሳቸው መውጋት ይማሩ ነበር። ለዚህ ሥራ የሠለጠኑ ነርሶችም ወደ ሕሙማኑ መኖሪያ ቤት ጭምር እየሄዱ ያስተምሩ ነበር። ዶክተሩ አመጋገብን፣ የሰውነት እንቅስቃሴንና ኢንሱሊንን አንድ ሠረገላ በሚስቱ ሦስት ፈረሶች መስለው ያስረዱ እንደነበርም ይታወቃል።

የዕውቀት ማነስ የሚያስከትለውን ጉዳት የእግር ቁስል በግልጽ አሳይቷቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1934 ባወጡት ጽሑፍ፣ የሕሙማንን እግር ለመቆረጥ የሚዳርገው ቁስል የማይቀር ዕጣ ሳይሆን በአብዛኛው በጥንቃቄ ጉድለት የሚመጣ መሆኑን አስገነዘቡ። ሕሙማን እግራቸውን በየዕለቱ እያጠቡ እንዲመለከቱ ማስተማርም የክትትሉ አካል ሆነ።

ይሁን እንጂ አቋማቸው ተቃውሞ አላጣውም። በርካታ ሐኪሞች እንዲህ ያለው ጥብቅ ቁጥጥር ሕመምተኛውን ያስጨንቃል፤ ጥቅሙም አልተረጋገጠም በማለት ይከራከሩ ነበር። ዶክተር ጆስሊን ክርክሩ እልባት ሳያገኝ እ.ኤ.አ. በጥር ወር 1962 በ92 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

እልባቱ የተገኘው ከ31 ዓመታት በኋላ ነው። በአሜሪካና በካናዳ ኢንሱሊን በሚወስዱ 1,441 ሕሙማን ላይ የተካሄደው ጥናት እ.ኤ.አ. በ1993 ይፋ ሲሆን፣ የደም ስኳርን በጥብቅ መቆጣጠር በዓይን ላይ የሚደርሰውን ጉዳት የመከሰት ዕድል በ76 በመቶ እንደሚቀንስ አረጋገጠ። ይህ ቁጥጥር ደግሞ ሕመምተኛው ራሱ የሚያደርገውን ነገር ምክንያት አውቆ በየዕለቱ ካልፈጸመው በስተቀር በሐኪም ትዕዛዝ ብቻ ሊገኝ የሚችል አይደለም።

በቦስተን ከተማ የሚገኘው የስኳር በሽታ ሕክምናና ምርምር ማዕከል በስማቸው ይጠራል።