«ፀሐይ» አውሮፕላን ስሟን ያገኘችው ከማን ነው?

በ2016 ዓ.ም ከጣሊያን የተመለሰችውን አውሮፕላን ፎቶዋን ሳታዩ አልቀራችሁም። ስሟ ግን የሰው ስም ነው፤ የልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ።

ልዕልት ፀሐይ በ1912 ዓ.ም ተወለዱ። በ1928 ዓ.ም ጀርመናዊው ሉድቪግ ዌበር ከኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች ጋር እዚሁ አገር ውስጥ አንድ አውሮፕላን ሠርቶ አበረረ። ሞተሯ 115 የፈረስ ጉልበት ያለው የቼኮስሎቫኪያ ሥሪት ነበር፤ ስሟ ደግሞ የ16 ዓመቷ ልዕልት ስም።

በዚያው ዓመት ጣሊያን አዲስ አበባ ገባ። አውሮፕላኗ ተማርካ ተወሰደች። ልዕልቷም ከቤተሰባቸው ጋር እንግሊዝ አገር ተሰደዱ። እዚያ ዝም ብለው አልተቀመጡም፤ ለንደን ባለ የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ተምረው በ1931 ዓ.ም ጨረሱ።

ከነፃነት በኋላ ተመልሰው አብይ አበበን አገቡና ወለጋ፣ ነቀምት ሄዱ። ከጋምቤላ በደምቢዶሎ በኩል በመኪና ወደ አዲስ አበባ ስትሄዱ የምታልፏት ከተማ ናት። እዚያው ነሐሴ 1934 ዓ.ም ከወሊድ ጋር በተያያዘ ችግር አረፉ። ገና 22 ዓመታቸው ነበር።

ዛሬ ከጋምቤላ አውሮፕላን ማረፊያ ለሕክምና የተነሳ ሰው በአንድ ሰዓት ምናምን አዲስ አበባ ይደርሳል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ግን የተቋቋመው እሳቸው ካረፉ ከ3 ዓመት በኋላ ነው።

በስማቸው የተሠራው ሆስፒታል አሁን የጦር ኃይሎች ሆስፒታል ይባላል። አውሮፕላኗ ግን ስማቸውን እንደያዘች አገሯ ገብታለች።