በሸክላ ጀርባ ላይ የነገሠ ሰው

ዘፈን በተነሣ ቍጥር የምናመሰግነው ዘፋኙን ነው። ከዘፋኙ ቀጥሎ ግጥሙን የደረሰው፥ ዜማውን ያወጣው፥ መሣሪያውን የመታው ይጠራል። ድምፁን በሸክላ የሚቀርጸው ባለሞያ ግን እንደ ሠርግ ቤት ወጥ ሠሪ ነው፤ እንግዳው በልቶ ጠጥቶ ሙሽራውን ይመርቃል እንጂ ወደ ጓዳ ዘልቆ ወጡን ማን እንደ ሠራው አይጠይቅም። በዛሬው ጽሑፋችን የምናነሣው ሰው ይህን ልማድ የሻረ ነው። እርሱ አልዘፈነም፤ ግጥም አልጻፈም፤ መሣሪያ ይዞም በሕዝብ ፊት አልቆመም። ይሁን እንጂ ሸክላ ገዢው ከዘፋኙ ስም ይልቅ የእርሱን ስም የሚፈልግበት ጊዜ መጣ። ይህ ሰው ኪንግ ተቢ ነው። ዘመኑን ሁሉ የምንጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይገንዘብልን።

የተቢ የመዝገብ ስም ኦዝቦርን ረዶክ ሲሆን የተወለደው ጃንዋሪ 28 ቀን 1941 በጃማይካ ዋና ከተማ በኪንግስተን ነው። ተቢ የሚለው ቅጽል የእናቱ ቤተ ሰብ ይጠራበት ከነበረው ተብማን ከሚለው ስም እንደ ወጣ ይነገራል። ኪንግ ማለት ንጉሥ ነው፤ ይህንንም ማዕረግ የሰጠው ሕዝቡ ነው እንጂ ማንም ዘውድ የጫነለት የለም። በወጣትነቱ መተዳደሪያው ራዲዮና ድምፅ ማጉያ መጠገን ነበረ። ሙያ በልብ ነው እንደሚባለው፥ ሥራውን በጸጥታ የሚሠራና ለዝና የማይሮጥ ሰው ነበረ።

በዚያን ጊዜ የኪንግስተን ድኻ ባንድ ቀጥሮ ለመጨፈር አቅም አልነበረውም። ስለዚህ አንድ ሰው እንደ ቁም ሣጥን የገዘፉ የድምፅ ሣጥኖችንና ሸክላ ማጫወቻውን በመኪና ጭኖ ወደ አንድ ግቢ ይወስድና የመግቢያ ዋጋ እየተቀበለ ሌሊቱን ሙሉ ያስጨፍር ነበረ። ሳውንድ ሲስተም የሚሉት ይህን ነው። በባለቤቶቹ መካከል ብርቱ ፉክክር ስለ ነበረ መሣሪያውን አሳምሮ የሚጠግን ሰው እጅግ ይፈለግ ነበረ። ተቢ የሌላውን እየጠገነ ሲኖር ቈይቶ በመጨረሻ ሆምታውን ሃይፋይ የተባለውን የራሱን አቆመ። የእርሱ መሣሪያ የታወቀው በድምፁ ጥራት፥ በቤዙ ክብደትና ተናጋሪው በተናገረ ጊዜ እንደ ገደል ማሚቶ በሚመልሰው ድምፅ ነበረ።

ከ1968 ገደማ ጀምሮም ዱክ ሪድ ለተባለው የሸክላ ነጋዴ ሸክላ ይቀርጽ ነበረ። ሸክላው በብዛት ታትሞ ከመሸጡ በፊት ለሙከራ የምትቀረጽ አንዲት ለስላሳ ሸክላ ነበረች፤ እርስዋም በቅድሚያ በጭፈራ ቦታ ትሰማለች። አንድ ቀን ከእነዚህ አንዲቱ የዘፋኙ ድምፅ ሳይገባባት ተቀረጸች፤ ስፓኒሽ ታውን በተባለችው ከተማ በተጫወተች ጊዜም ሕዝቡ ራሱ እየዘፈነ የጐደለውን ሞላው ተብሎ ይተረካል። ከዚህ በኋላ በሸክላው ፊት ዘፈኑን፥ በጀርባው ደግሞ ድምፅ የሌለበትን ምት ማተም ልማድ ሆነ። ነጋዴው ይህን የወደደበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ለጀርባው ሌላ ዘፈን ማስቀረጽ ወጪ ነበረ።

ተቢ ግን በነጋዴው ቍጠባ ውስጥ ሌላ ነገር አየ። ድምፁ የወጣበት ስፍራ ባዶ አይደለም፤ ሌላ ሰው ሊገባበት የሚችል ቤት ነው። በሆምታውን ሃይፋይ ላይ ድምፅ ማጉያ ይዞ ሕዝቡን የሚያነቃቃው ዩ ሮይ ወደዚህ ቤት ገባና በምቱ ላይ በዜማና በንግግር መካከል በሆነ አነጋገር ያወርደው ጀመረ። ዩ ሮይ በ1970 ለዱክ ሪድ የቀረጻቸው ሸክላዎች የጃማይካን የሽያጭ ዝርዝር የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቦታዎች ያዙ። በኋላ ዘመን ራጋ የተባለው አዘፋፈን የዚህ የልጅ ልጅ ነው።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ ተቢ ከአንድ ትልቅ ስቱዲዮ ያገለገለ ባለ አራት መሥመር የድምፅ መቀላቀያ ገዝቶ ዋተርሐውስ በሚባለው ሰፈር በእናቱ ቤት ውስጥ አስቀመጠው። መታጠቢያ ቤቱ የዘፋኞች ድምፅ መቅረጫ ሆነ። ሙሉ ባንድ የሚያስገባ ስፍራ ስላልነበረው ምቱ በሌላ ስቱዲዮ ይቀዳና በቴፕ ይመጣለታል። ቴፑ እየዞረ ሳለ ተቢ አንዱን መሥመር ከፍ፥ ሌላውን ዝቅ ያደርጋል፤ ጊታሩን ለቅጽበት ያሰማና ይቈርጠዋል፤ ከዘፋኙ ቃል አንዲቱን አስቀርቶ በገደል ማሚቶ ያርቃታል፤ ባንድ ትልቅ ቁልፍ የድምፁን ወፍራም ክፍል እየገፈፈ ያሳሳዋል። ማሚቶውን የሚያወጣውን የሞላ ብረት ሣጥን በእጁ በመታው ጊዜ እንደ ነጐድጓድ ያስተጋባ ነበረ። ይህ ሥራ ዳብ ተባለ። ሌላው ደራሲ በመጨመር ሲደርስ፥ እርሱ በመቀነስ ደረሰ ለማለት ይቻላል።

ከሥራዎቹ ሁሉ ስሙ የገነነው በአንዲት ሸክላ ነው። ኦገስተስ ፓብሎ፥ በአፍ እየተነፋ በጣት የሚመታውን ሜሎዲካን በመጫወት የታወቀው ሙዚቀኛ፥ ጄከብ ሚለር የተባለውን ወጣት አንድ የፍቅር ዘፈን አስዘፍኖት ነበረ። በ1975 አይላንድ የተባለው ኩባንያ በእንግሊዝ አገር ሲያወጣው በፊቱ ዘፈኑን፥ በጀርባው የተቢን ሥራ አተመ። የጀርባው ስም ኪንግ ተቢ ሚትስ ሮከርስ አፕታውን ነው። በዚህ ላይ የሚለር ድምፅ ብቅ ብሎ ይጠፋል፤ ከበሮው እንደ መብረቅ ይፈነዳል፤ ሜሎዲካው ከሩቅ እንደሚመጣ እረኛ ይሰማል። አድማጩ ሸክላውን ገለበጠው፤ ዝናውም ለጀርባው ሆነ። በዚሁ ስም በ1976 ትልቅ ሸክላ ወጣ።

ነገር ግን ይህን ታሪክ በምስጋና ብቻ መጨረስ ተገቢ አይመስለንም። ምቱን የተጫወቱት ሙዚቀኞች የሚከፈላቸው ብዙ ጊዜ ለአንድ ቀረጻ አንድ ጊዜ ነበረ፤ ያው ምት ግን እየታደሰ ለአሥርና ለሃያ ሸክላ ይውላል። ታዲያ ሥራው የማን ነው? ምቱን የመታው ነው? ገንዘብ ያወጣው ነጋዴ ነው? ወይስ ቈርጦ የቀጠለው? እኛ እንደምናስበው ተቢ የራሱ የሆነ ድርሰት ደርሷል፤ ከእርሱ በፊት ያ ድምፅ አልነበረምና። ይሁን እንጂ የአንዱ መከበር የሌላውን ድካም ማስረሻ ሊሆን አይገባም። የወጥ ሠሪው ስም ሲነሣ እንጨት የፈለጠውም ውኃ የቀዳውም አብሮ ይነሣ ዘንድ ይገባል።

የተቢ ቤት ትምህርት ቤትም ነበረ። ከደቀ መዛሙርቱ አንዱ ፕሪንስ ጃሚ፥ ማለት ልዑል ጃሚ፥ ይባል ነበረ። በ1985 ይህ ልዑል ዌይን ስሚዝ በተባለው ዘፋኝ ድምፅ ስሌንግ ቴንግ የተባለውን ሸክላ አወጣ። በዚህ ሸክላ ቤዝ የሚመታ ሰው የለም፤ ምቱ የተገኘው ካሲዮ ከተባለ ትንሽ የኤሌክትሪክ መሣሪያ ነው። ጃማይካ በአንድ ወቅት ተለወጠች፤ የራጋም ዘመን ተከፈተ፤ ልዑሉም ኪንግ ጃሚ ተባለ። መምህሩ በዚህ አልተቀየመም፤ ወይም ቅያሜው ሥራ ሆነ። በዚያው ዓመት አንቶኒ ሬድ ሮዝ የተባለውን ወጣት አስዘፍኖ ቴምፖ የተባለውን ሸክላ በመሣሪያ ምት አወጣ። ምቱ ዝግ ያለና የሚያስፈራ ነው፤ በጭፈራ ቤት እጅግ ተወደደ፤ ሌሎች ዘፋኞችም ደጋግመው ዘፈኑበት። አሳታሚው ፋየርሐውስ ይባላል። ዋተርሐውስ ማለት የውኃ ቤት ነው፤ በፖለቲካ ጠብ ጥይትና ቃጠሎ ስለ በዛበት ሕዝቡ ሰፈሩን ፋየርሐውስ፥ የእሳት ቤት፥ ብሎት ነበረ።

እሳቱ ባለቤቱንም አልማረውም። ፌብሩዋሪ 6 ቀን 1989 ሌሊት ተቢ ከስቱዲዮው ወደ ቤቱ ሲመለስ በደጃፉ ላይ በጥይት ተመትቶ ሞተ። ዕድሜው 48 ዓመት ነበረ። ገዳዩ አልተያዘም።

ሥራው ግን ባሕር ተሻግሯል። በኒው ዮርክ እንደ ላሪ ሌቫን ያሉ ባለሞያዎች የጭፈራ ዘፈንን እየቈረጡና እያስረዘሙ በማሚቶ ሲያሰፉት የእርሱን መንገድ ተከትለዋል። በ1980ዎቹ በቺካጎ በተወለደው ሃውስ በተባለው ሙዚቃ ሸክላ ጀርባ ላይ ዳብ የሚል ጽሑፍ ማየት የተለመደ ሆነ። በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ በለንደን የጃማይካውያን ስደተኞች ልጆች የራጋን ድምፅ ከሃውስ ምት ጋር አጋቡት። ብዙ አድማጭ ይህን እንግዳ ጋብቻ ብሎት ነበረ፤ ነገር ግን ዘር ቢቈጠር ሁለቱም ዘመዳሞች ናቸው፤ ሁለቱም በዚያች በእናቱ ቤት በኩል አልፈዋልና።

ጓደኞቻችን ሆይ፤ ብዙዎቻችን የምንማረው ፊት ለፊት ለመታየት ነው። ተቢ ግን ማንም ባላከበረው የሸክላ ጀርባ ላይ፥ በሌሎች ትርፍራፊ፥ በጠጋኝ እጅ ነገሠ። ሸክላ ባገኛችሁ ጊዜ ገልብጡት፤ በጥቃቅን ፊደል የተጻፉትንም ስሞች አንብቡ።