የገበሬው ልጅ ሠዓሊ ዣን ፍራንሷ ሚሌ

በኅዳርና በታኅሣሥ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ የሚሄድ ሰው በመንገዱ ግራና ቀኝ የሚያየውን ለአንባቢዎቻችን መንገር አያስፈልግም። አጫጆች በጤፉ ላይ ጐንበስ ብለዋል፤ ነዶው ይከመራል፤ እረኛውም ከብቶቹን ይነዳል። ይህን የመሰለውን የባላገር ኑሮ በቀለም ለዓለም ያሳየ አንድ የፈረንሣይ ሠዓሊ ነበረ። ታሪኩን በኤውሮጳ አቆጣጠር እንደሚከተለው እናቀርባለን።

ዣን ፍራንሷ ሚሌ በ1814 ዓ.ም. በኖርማንዲ አገር፣ ግሩሺ በምትባል መንደር ከገበሬ ቤተ ሰብ ተወለደ። እስኪጐለምስ ድረስ ከአባቱ ጋራ በእርሻ ሠራ። የሥዕል ስጦታው በታወቀ ጊዜ ሸርቡር ወደሚባለው ከተማ ተልኮ ተማረ፤ በ1837ም ከተማው ድጎማ ሰጥቶት ፓሪስ ገባ። ድጎማው ሲቋረጥ ለእንጀራው ሲል የሰዎችን መልክና ገዢ የሚወደውን ሁሉ እየሣለ በችግር ኖረ።

በ1849 ቤተ ሰቡን ይዞ በዱር አጠገብ ወዳለችው ወደ ባርቢዞን መንደር ሄደና እስኪሞት በዚያ ተቀመጠ። ከዚህ በኋላ በእጁ ሠርቶ የሚያውቀውን ሣለ። ብዙዎች ሠዓሊዎች መስኩን ሲሥሉ ገበሬውን ለጌጥ ያህል ከሩቅ ጣል ያደርጉት ነበር፤ ሚሌ ግን ወደ ፊት አመጣው።

በ1857 ባሳየው ቃራሚዎች በሚባለው ሥዕል ሦስት ድኾች ሴቶች እንደ ሩት ከአጫጆች በኋላ የወደቀውን ዛላ ይለቅማሉ። በሩቁ ትልልቅ ክምርና በፈረስ የተቀመጠ የሥራ ተቈጣጣሪ ይታያል። ሴቶቹ ወደ መሬት ስላጐነበሱ ከአፈሩ የበቀሉ ይመስላሉ። ዳሩ ግን አንዳንድ የፓሪስ ተቺዎች ድኻውን በባለጸጋው ላይ የሚያስነሣ ሥዕል ነው ብለው ተቈጡ።

በ1859 በጨረሰው በሌላው ሥዕል ባልና ሚስት ድንች ሲቈፍሩ ውለው የማታ ደወል ሲሰሙ ሥራቸውን አቁመው ይጸልያሉ። ይህን ሥዕል የሸጠው በ1,000 ፍራንክ ገደማ ነበር። ድኽነቱም እጅግ የጸና ስለ ነበረ አያቱና እናቱ ሲሞቱ አጠገባቸው ሊገኝ አልቻለም።

በ1868 መንግሥት ኒሻን ሸለመው፤ በ1875 ዐረፈ። ያው የደወሉ ሥዕል በ1890 በ800,000 ፍራንክ ተሸጠ፤ ለቤተ ሰቡ ግን ከዚህ ገንዘብ የደረሰ አልነበረም። ፈረንሣይ ሥዕል በጨረታ እንደገና ሲሸጥ ለሠዓሊው ወይም ለወራሾቹ ድርሻ እንዲከፈል ሕግ ያወጣችው በ1920 ነው።

ከመካከላችን በዕረፍት ወደ አገሩ ገብቶ ነዶ የሚሸከም ብዙ ነው። የሚሌን ታሪክ ካነበብን በኋላ ያንን ሥራ ለሥዕልም ሆነ ለድርሰት የማይበቃ አድርገን አንቍጠረው።