የፀሐይ ዘበኛ

የጠፈር መንገደኛ ከመሬት ርቆ ሲሄድ ከሚያሠጉት ነገሮች አንዱ የፀሐይ ቍጣ ነው። ይህን ቍጣ ቀድመው በዓይናቸው ካዩት ሰዎች አንዱን ልናስታውስ ወደድን።

ሪቻርድ ካሪንግተን እ.ኤ.አ. በ1826 በለንደን ተወለደ። በካምብሪጅ ከተማረ በኋላ ሬድሂል በተባለ ቦታ የከዋክብት መመልከቻ ቤት አሠራ፤ ከ1853 ጀምሮም በፀሐይ ፊት የሚታዩትን ጥቁር ነጥቦች እየሣለ ይከታተል ነበር። የቢራ ፋብሪካ የነበራቸው አባቱ በ1858 ሲሞቱ ሥራው በእርሱ ላይ ወደቀ። እንዲያም ሆኖ ክትትሉን እስከ 1861 አልተወም።

ሴፕቴምበር 1 ቀን 1859 ረፋዱ ላይ፣ ከነጥቦቹ መካከል ሁለት ነጫጭ ብርሃኖች ቦግ አሉ። ምስክር ሊጠራ ሮጠ፤ ሲመለስ ብርሃኑ ደክሞ አገኘው። በማግሥቱ የቴሌግራፍ መሥመሮች ታወኩ፤ በሰሜን ዋልታ አካባቢ የሚታየው የሰማይ ብርሃን እስከ ኩባ ድረስ ታየ። ካሪንግተን ግን በአንድ አጋጣሚ ብቻ ተነሥቶ ሁለቱን በምክንያትና በውጤት ለማሰር አልደፈረም። በ1875 በ49 ዓመቱ ዐረፈ።

በኦገስት 1972፣ በአፖሎ 16 እና በአፖሎ 17 ጉዞዎች መካከል፣ ብርቱ የፀሐይ ማዕበል ተነሣ። በዚያች ሰዓት በጨረቃ ላይ የሚመላለስ ሰው ቢኖር ኖሮ ጨረሩ በጽኑ በጐዳው ነበር። ዛሬ መሐንዲሶች ውኃውንና ስንቁን ሳይቀር መከለያ ለማድረግ ያስባሉ። ነገር ግን መንገደኛው በጊዜ ከመከለያው እንዲገባ ፀሐይን ነቅቶ የሚጠብቅ ሰው ያስፈልገዋል። እኛም ተማሪዎች ከካሪንግተን የምንማረው ይህንኑ ነው፤ ሳይታክቱ መመልከትን፣ ካዩትም በላይ አለመናገርን።