ቀለም ወዳዱ ሐኪም ፓውል ኤርሊክ

በቡሬና በፍኖተ ሰላም ዙሪያ ያደገ ተማሪ ችፌን ሳያውቅ አይቀርም። የክርንና የጉልበት እጥፋት ቀልቶ ይሻክራል፤ ልጁ ሌሊቱን ሲያክ ያድርና ጠዋት ቆዳው ተልጦ ደምቶ ይገኛል። ጓደኞቹ ይጋባብናል ብለው ከአጠገቡ ይሸሻሉ፤ ጎረቤትም እናቱን ልጇን አታጥብም እያለ ያማታል። ሁለቱም ስሕተት ነው። ችፌ አይጋባም፤ ቆዳውን የሚያስቈጡትም ሰውነትን ለመጠበቅ የተሰማሩት የልጁ የገዛ ሴሎች ናቸው። ከእነዚህ ዘቦች መካከል ሁለቱን በቀለም ለይቶ ስም ያወጣላቸው ፓውል ኤርሊክ ስለ ሆነ የሕይወቱን ታሪክ ባጭሩ እናቀርባለን። ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ኤርሊክ በ1854 ዓ.ም. ሽትሬለን በምትባል ትንሽ ከተማ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ። ከተማይቱ ያን ጊዜ በፕሩስያ ግዛት የነበረች ሲሆን ዛሬ በፖላንድ ውስጥ ትገኛለች። ሕክምናን ከአንዱ ዩኒቨርሲቲ ወደ ሌላው እየተዘዋወረ ተማረ። በዚያ ዘመን የጀርመን ፋብሪካዎች ለጨርቅ ማቅለሚያ የሚሆኑ አዳዲስ ቀለሞችን ያወጡ ነበር። የእናቱ ዘመድ የሆነው ሐኪም ካርል ቫይገርት በእነዚህ ቀለሞች የሰውነት ሥጋ ተነክሮ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ምን እንደሚመስል አሳየው። ኤርሊክም ከዚያ ወዲህ ከቀለም አልተለየም።

በ1878 ዓ.ም. ገና የ24 ዓመት ወጣት ሳለ ለመመረቂያው በጻፈው ጥናት በፍሬ የተሞሉ እንግዳ ሴሎችን ገለጸ። በልተው የጠገቡ መስለውት ማስት ሴል አላቸው፤ ቃሉ በጀርመንኛ ማድለብ ማለት ነው። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ኢዮሲን የተባለውን ቀይ ማቅለሚያ የሚስቡ የደም ሴሎችን ለይቶ ኢዮሲኖፊል ብሎ ሰየማቸው። ይሁን እንጂ የእነዚህ ሴሎች እውነተኛ ተግባር ሳይገለጥለት ኖረ።

በበርሊን ሲሠራ የሳንባ ነቀርሳ ያዘውና በ1888 ዓ.ም. ለጤናው ወደ ግብጽ ሄደ፤ ከእኛው ከጎጃም የሚነሣው ዓባይ በሚያጠጣው አገር ከርሞ ድኖ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ የዲፍቴሪያን ፈውስ በማሻሻል ረዳ፤ በ1908 ዓ.ም. ከሩሲያዊው ሜችኒኮፍ ጋር የኖቤል ሽልማት ተካፈለ፤ ከጃፓናዊው ሐታ ጋርም የቂጥኝ መድኃኒት አግኝቶ በ1910 ዓ.ም. ለሕዝብ አበረከተ። በ1915 ዓ.ም. በ61 ዓመቱ ዐረፈ።

ኤርሊክ ሰውነት የራሱን አካል ከመመረዝ ይሸሻል ብሎ ያስተምር ነበር። ዘቡ ባለቤቱን ሊጎዳ እንደሚችል ግን የኋላ ዘመን አሳየ። በችፌ ጊዜ የቆዳው አጥር ይላላል፤ አቧራና ሌላም ባዕድ ነገር ይገባል። ቲ ሴሎች የማንቂያ መልእክት ይልካሉ፤ ማስት ሴሎች ሂስታሚንና ሌላም የሚያስቈጣ ነገር ያፈሳሉ፤ በደኅናው ጊዜ የሆድ ትልን የሚዋጉት ኢዮሲኖፊሎችም ይጎርፋሉ። ቆዳው ያሳክካል፤ ሲታከክ አጥሩ ይብሱን ይፈርሳል፤ ዘቦቹም ይብሱን ይቈጣሉ።

ኤርሊክ ዒላማውን ብቻ የሚመታ መድኃኒት ይመኝ ነበር። በ2017 ዓ.ም. በአሜሪካ ለችፌ የተፈቀደው ዱፒሉማብ የቲ ሴሎችን መልእክት ለይቶ የሚያግድ በመሆኑ የዚያ ምኞት ልጅ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም። ዋጋው ግን እጅግ ውድ ነው። ለገጠሩ ልጅ ቆዳውን ከታጠበ በኋላ ወዲያው በቫዝሊን ማለስለስ፣ ጥፍሩን ማሳጠርና ሲበረታ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ይጠቅመዋል።

እንግዲህ የአንድ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ ፍሬ ለማፍራት ስንት ዘመን እንደ ፈጀ እንመልከት። እኛም ለክረምት ዕረፍት ወደየአገራችን ስንመለስ ከዚያ ከሚያክከው ልጅ አጠገብ ገብተን እንቀመጥ፤ ለእናቱም ጥፋቱ የእርስዋ አለመሆኑን እንንገራት። ይህን ለማድረግ ማይክሮስኮፕም ገንዘብም አያሻም።