ማዕበልን በካርታ ያነበበው ካፒቴን



የአየር ትንበያ ገይብን አውቃለሁ ማለት አይሆንም ወይ የሚል ጥያቄ በመካከላችን አልፎ አልፎ ይነሳል። በእንግሊዝ ለሕዝብ ትንበያ ማውጣት የጀመረው ሰው ራሱ ትንቢት ተናጋሪ እንዳይባል ይጠነቀቅ ነበር። ዛሬ የእሱን ሕይወት እናወሳለን። ዘመኑን የምንቆጥረው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ሮበርት ፊትዝሮይ በ1805 እንግሊዝ ውስጥ ተወለደ። ብዙዎቻችን የምናውቀው ቻርልስ ዳርዊን የተጓዘባት የቢግል መርከብ ካፒቴን በመሆኑ ነው። በ1854 መንግሥት የባሕር ላይ የአየር መረጃ የሚሰበስብ ትንሽ መሥሪያ ቤት ሲከፍት ኃላፊ አድርጎ ሾመው።

በኦክቶበር 1859 ሮያል ቻርተር የተባለች መርከብ በዌልስ ጠረፍ በማዕበል ተሰባብራ ከ400 በላይ ሰዎች አለቁ። ፊትዝሮይ በየቦታው የተመዘገበውን የአየር ግፊት፣ ሙቀትና ነፋስ አሰባስቦ በካርታ ላይ አሰፈረ። ማዕበሉ መንገድ ይዞ የሚጓዝ ሆኖ አገኘው። ቴሌግራፍ ደግሞ ከማዕበል ይፈጥናል። ስለዚህ በ1861 ለወደቦች የማዕበል ማስጠንቀቂያ መላክ ጀመረ፤ በዚያው ዓመት ኦገስት ላይም ትንበያው በጋዜጣ ወጣ። ለሥራው ከትንቢት የሚለይ ስም መርጦ፣ የሚያወጣው ከልኬትና ከስሌት የተገኘ ግምት መሆኑን አስረዳ።

ዛሬም የአየር ካርታ የሚነበበው በዚሁ መንፈስ ነው። በምድር ገጽ ካርታ ላይ እኩል የአየር ግፊት ያላቸው ቦታዎች በመስመር ይያያዛሉ፤ መስመሮቹ ሲቀራረቡ ነፋሱ ይበረታል። ፊትዝሮይ ያልነበረው የላይኛው አየር ካርታ ነው። አሁን በፊኛ በሚላኩ መሣሪያዎች 5 ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ከፍታ ላይ ያለው አየር ይለካል፤ ማዕበል ወዴት እንደሚነዳ የሚጠቁመውም በአብዛኛው እሱ ነው። ሁለቱን ካርታዎች ሳያስተያዩ መፍረድ ያሳስታል።

ፊትዝሮይ ትንበያው ሲሳሳት በጋዜጣ ተዘበተበት። የገዛ ገንዘቡን ለሥራው አፈሰሰ፤ ጤናውም ታወከ። በኤፕሪል 1865 በከባድ ድባቴ ውስጥ ሳለ ሕይወቱን በገዛ እጁ አጠፋ። ከሞተ በኋላ ማስጠንቀቂያው ቢቋረጥም፣ ተቃውሞ ስለበረታ በ1867 እንደገና ተጀመረ።

ከዚህ ሕይወት ሁለት ነገር እንያዝ። ገይብን የሚያውቀው አላህ ብቻ ነው፤ ምልክትን መርምሮ ሰውን ከአደጋ ማስጠንቀቅ ግን ሰበብን ማድረስ ነው። ሁለተኛው፣ ለሌሎች ማዕበል ሲያስጠነቅቅ የኖረው ሰው የራሱ ማዕበል ሲመጣ አጠገቡ ደርሶ ያተረፈው አልነበረም። በዶርማችን ዝም ያለ፣ ከጀማዓ የራቀ፣ ምግብና እንቅልፍ ያጣ ወንድም ወይም እህት ካለ ምልክቱን እናንብብ፤ ዛሬውኑ በሩን እናንኳኳ።